የቻይንኛ ሽልማት ይዤ ወደ ባሕር ዳር

ባሕር ዳር የሄድኩት በመሥሪያ ቤታችን ቻይንኛ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። እኔም አላውቅም። የማያውቁት ሁሉ በተራ ሲታሰቡ ግን፣ ቢጠፋም ሥራ የማይጎድልበት ሰው እኔ፣ ታይፒስቷ ጽጌ ሆኜ ተገኘሁ።

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ላሉት እናቴና እኅቶቼ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ማዶ ያለውን አገር ሁሉ ብርድና ጭቃ ነው ብለው ስለሚያምኑ መቼም እንደማይሄዱበት አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባሕር ዳር ያለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ሁለት ተማሪዎች በቻይንኛ ቋንቋ የላቀ ችሎታ ስላሳዩ ከበላይ አካል ዕውቅና ይሰጣቸው ብለው ለአዲስ አበባው መሥሪያ ቤታችን ይጽፋሉ። ያን ጊዜ በወረታ በኩል መንገድ የሚሠሩ ቻይኖች ነበሩ። የመንገድ ሥራው መጋዘን ደግሞ ባሕር ዳር ስለነበር ልጆቹ የተማሩት ከመጋዘን ጠባቂው ከሚስተር ቼን ነው። ደብዳቤው በቢሯችን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ከዓመት በላይ ቆየ። በመጨረሻ አለቃዬ ጋሽ ተሰማ «ይሸለሙ» ብለው ጻፉበት። የሚሄዱትም እሳቸው ነበሩ፤ የአባይን ቁልቁለት ሲያስቡት ግን ወገባቸውን አመማቸው።

የተሰጠኝ ዕቃ ይህ ነው፦ እኔው ራሴ የተየብኳቸው ሁለት ባለማኅተም የምስክር ወረቀቶች፣ «ችሎታውን ያረጋገጠው ባለሙያ» የሚል ባዶ መስመር ያለበት ቅጽ፣ ለሽልማት የሚሆኑ ሁለት ባለ ደወል የጠረጴዛ ሰዓቶች። ቅጹ ካልተሞላ ወረቀቱ አይሰጥም። ባለሙያው ማን እንደሆነ ጋሽ ተሰማን ስጠይቃቸው «እዚያው ስትደርሺ ይገኛል» አሉኝ።

ሰኞ። ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ተነሣን። የግምጃ ቤታችን ሠራተኛ «ሠርቶ ያልታየ ዕቃ ከዚህ አይወጣም» ብሎ ሁለቱንም ሰዓቶች እስከ ጥግ ድረስ ሞልቷቸው ነበርና እግሬ ሥር ካለው ቅርጫት ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ። አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ እናኑ የሚባሉ የባሕር ዳር ሴት ነበሩ፤ አዲስ አበባ ልጃቸውን ጠይቀው መመለሳቸው ነው። ፍቼን እስክናልፍ ታገሡና፣

«እቴ፣ ይህ ቅርጫትሽ ልብ አለው እንዴ?» አሉኝ።

«ሰዓት ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ሰዓት ከሆነስ ደግ ነው» አሉ፤ ግን እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ወሬው ወደ ኋላ ወንበሮች እየተንሾካሾከ ሲሄድ ይሰማኛል። ዘመኑ የሚቆጥር ቅርጫት የሚወደድበት ዘመን አልነበረም።

ጎሐ ጽዮን ኬላ ላይ የይለፍ ወረቀታችንን አሳየን። ጠባቂው ቅርጫቴን አንሥቶ ጆሮው ላይ ሲያስጠጋ አንደኛው ሰዓት ጮኸ። ቅርጫቱን ጥሎ በደረቱ ተኛ። ግማሹ ተሳፋሪ በበር፣ ግማሹ በመስኮት ወጣ። ወይዘሮ እናኑ ብቻ ንቅንቅ አላሉም፤ ዝቅ ብለው ደወሉን በመዳፋቸው አፈኑና «ተነሣ ልጄ፣ ልብስህ ተበላሸ» አሉት።

ጠባቂው አቧራውን አራገፈና የኀፍረቱን መወጫ ፍለጋ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ።

«ቻይንኛ ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«ማን ነው የተናገረው?»

«ሁለት ተማሪዎች።»

«ታዲያ ተይዘው ነው?»

«ሊሸለሙ ነው።»

ወረቀቶቼን ሰብስቦ መለሰልኝ። «ተናግሮ መሸለምም አለ» አለና አሳለፈን።

የአባይን በረሃ ስንወርድ ሰው ሁሉ ነጠላውን እያራገበ ሲማረር እኔ ብቻ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ ሽታው ሳይቀር የድሬዳዋውን የቀፊራ ገበያ የቀትር ሙቀት ይመስላል፤ የጎደለው የበርበሬና የሎሚ ሻጭ ብቻ ነው። ከድልድዩ ማዶ ሽቅብ ወጥተን ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ግን ብርዱ አጥንቴን ቆረጠመው። ሆቴሉ ሞልቶ ስለነበር ከወይዘሮ እናኑ ጋር አንድ አልጋ ተካፈልን። ብርድ ልብሱን ሁሉ ወደ እኔ ገፍተው «አንቺ የቆላ ልጅ ነሽ፤ እኔ ለምጄዋለሁ» አሉ።

ማክሰኞ። ቡሬን፣ ዳንግላን፣ ከሰዓት በኋላ መሸንቲን አልፈን ባሕር ዳር ገባን። አንድ ጊዜ ጎማ ፈነዳብን፤ አውቶቡሱ ሁሉ እኔን ዞሮ አየኝ።

መቼም ሐይቁን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። እኛ ደቻቱን ወንዝ ብለን ስንጠራ ኖርን፤ በዓመት ሦስት ቀን ውሃ ይመጣበትና ድልድይ ሰብሮ ይሄዳል። እዚህ ውሃው አለ፤ ጠዋትም አለ፣ ማታም አለ። ማንም አይገረምበትም። መንገዱ ግራና ቀኙን ዘንባባ ስለሆነ የእኛን ከተማ ይመስላል፤ ልዩነቱ እዚህ ጥላው ሥር የተቀመጠ ሰው ሲነሣ ላብ የለውም።

ሆቴል ልይዝ ስል ወይዘሮ እናኑ ተቆጡ። «ጥርጣሬ ላይ አብረን ቁጭ ብለን፣ አልጋ ተካፍለን፣ አሁን ሆቴል ልትገቢ?» ግሽ አባይ ሠፈር ወዳለው ቤታቸው ይዘውኝ ሄዱ። ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ የሚባል ዓሣ በድልህ ጠብሰው አቀረቡልኝ። ድሬዳዋ ዓሣ የምናውቀው በቆርቆሮ ነው፤ ይህኛው ዓይን ነበረው። ዓይኑን ሳላይ በላሁት። ጣቴን እየላስኩ «ሁሉንም በላኩት» ብላቸው «በላሁት በይ እንጂ፣ ምነው በላኩት ትያለሽ? ለማን ነው የምትልኪው?» ብለው አነጋገሬን ሳቁበት።

ረቡዕ። ትምህርት ቤቱ ስደርስ ዳይሬክተሩ አቶ ፈንታሁን ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ደነገጡ። በሩን ዘጉ፣ መስኮቱንም ዘጉ።

«ጓድ ጽጌ፣ ያ ደብዳቤ ደረሰ እንዴ?»

«ደርሶ ነው የመጣሁት።»

«እኔ እኮ ስጽፈው ቻይኖች ወዳጆቻችን ነበሩ!» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬ ወዳጃችን ሶቭየት ነው። ቻይናና ሶቭየት ደግሞ አይነጋገሩም። ትናንት ቻይና ብሎ ያጨበጨበ ዛሬ ለምን አጨበጨብህ ይባላል። አይመልሱልኝም ብዬ ረስቼው ተኝቼ ነበር።»

ተስማምተን ሸልመን በዝምታ ብንጨርስስ ብላቸው ነገሩ የእሳቸው እንዳልሆነ ነገሩኝ፤ የአካባቢው ካድሬ ጓድ አያሌው መምጣቴን ከኬላው ሰምተዋል። ዓርብ የሚደረገውን የሽልማት ሥነ ሥርዓትም ራሳቸው ሊመሩት ወስነዋል።

ከዚያ ተማሪዎቹ የት እንዳሉ ጠየቅኩ። አንደኛው ጥበቡ የሚባል ዲያቆን ነው፤ ለአባቱ ሊያግዝ ደቅ ደሴት ሄዷል። ሁለተኛዋ የኔዓለም ተጠርታ መጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናገር ወለል ወለሉን የምታይ ልጅ ናት። እናቷ ለመጋዘኑ ጎመን ታቀርብ ነበርና ጎመኑን ስታደርስ ነው ከሚስተር ቼን ቋንቋውን የለመደችው። አሁን እሱ ከወረታ ወዲያ ወዳለው ካምፕ ተዛውሯል።

«ይህ ወረቀት ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«ካምፑ አስተርጓሚ ይፈልጋል፣ እትዬ። ሚስተር ቼን ነግሮልኛል። ግን የእኛዎቹ የመንገድ ሥራ ሹሞች ማኅተም ያለው ወረቀት ካላመጣሽ አንቀጥርም አሉኝ። እናቴ ታማብኛለች። አትክልቱን ካቆመችው ስድስት ወር ሆነን።» ይህን ስትል ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ያን ባዶ መስመር አሰብኩት።

ደስ ላሰኛት ብዬ ሰዓቱን ከቅርጫቱ አውጥቼ «ሽልማትሽ ይህ ነው» አልኳት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን አልቀበልም።»

«ምነው?»

«በቻይንኛ ሰዓት መስጠትና ሰውን እስከ መቃብር መሸኘት አንድ ድምፅ ነው። ሚስተር ቼን በዓመት በዓል ቀን አንድ ሾፌር ሰዓት ቢሰጠው ሦስት ቀን እህል አልበላም። እናቴ ታማ ሳለ ወደ ቤት ይዤው አልገባም።»

አቶ ፈንታሁን ሊቆጧት ሲሉ እጄን አነሣሁባቸው። ቋንቋ አላውቅም፤ ግን በማያውቀው ቋንቋ የሞት ስም የሚያስፈራው ሰው የለም። ለእኔ ፈተናው እዚያው አልቋል። ለቅጹ ግን አላለቀም።

ሐሙስ። ጌሾ ሊጭን ወደ ደቅ በሚሄድ ባለሞተር ጀልባ ከየኔዓለም ጋር ተሳፈርኩ። አባቷን በልጅነቷ አጥታ በዚህ ውሃ ዳር ያደገች ናትና ጀልባው ጫፍ ላይ እንደ በረንዳ ተቀመጠች። እኔ ግን ዋና የማላውቅ ብቻ ሳልሆን ዋና የሚያውቅ ሰው አይቼ የማላውቅ ነኝ። ጠዋት ሐይቁ እንደ ሳህን ነበር። ደሴቲቱ ላይ ስወርድ ግን አንድ እግሬ ድንጋይ፣ አንድ እግሬ ጀልባ ላይ ቀርቶ መሐሉ ሰፋ፤ ባለ ጀልባው በክንዴ ጎትቶ አዳነኝ። ቀኝ ጫማዬ ጣና ገባ።

የጥበቡ አባት መርጌታ ክንፈ ሽበታም፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ድምፃቸው ግን ያልደከመ የዜማ መምህር ናቸው። ባዶ እግሬን አዩና ምንም ሳይጠይቁ ሸበጣቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ከዚያ እንጀራ በተልባ፣ ከጓሯቸው የተቆረጠ ማንጎ ቀረበ። በልተን ስንጨርስ ጉዳዬን ነገርኳቸው፤ ምስክር የሚሆን ባለሙያ የለም አልኳቸው።

«የለም ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ። «ልጁን እኔ እፈትነዋለሁ።»

«አባቴ፣ ቻይንኛ ያውቃሉ?»

«አላውቅም። እሱ ግን ክረምቱን ሙሉ እዚህ ዛፍ ሥር ሲያነበንበው ሰምቻለሁ። ትርጉሙን አላውቅም፤ ስሕተቱን ግን አውቃለሁ።»

ጥበቡን ከፊታቸው አቆሙት። መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉና ዓይናቸውን ጨፍነው «በል» አሉት። ልጁ ጀመረ። እውነት ለመናገር ዜማ አለው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይቆረጣል። መርጌታ አንድ ቦታ ላይ መቋሚያቸውን መቱ። «እዚህ ላይ ድፋት ነበረ፤ አንተ ቅናት አደረግኸው። መልስ!» ልጁ መለሰ። የኔዓለም በመገረም ራሷን ነቀነቀች፤ ሽማግሌው ልክ ነበሩ። ቃልን ከቃል የሚለዩትን የቋንቋውን አራት የድምፅ አወጣጦች በዜማ ምልክቶቻቸው ይዘት፣ ቅናት፣ ድፋት፣ ቁርጥ ብለው ለይተው ይዘዋቸዋል።

«ማ በይዘት እናት ነው፤ ማ በድፋት ፈረስ ነው» ሲል ጥበቡ አስረዳኝ።

መርጌታ አማተቡ። «በዜማ ስሕተት እናቱን ፈረስ የሚያደርግ ሕዝብ! ይህ በፍርሃት የሚነገር ቋንቋ ነው።»

ንባቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄደ። ሽማግሌው መጨረሻው ላይ አብረው ያዜሙ ነበር፤ ከጎረቤት የመጡ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ጸሎት ነው ወይ ብዬ የኔዓለምን በሹክሹክታ ጠየቅኳት።

«የመጋዘኑ ዕቃ ዝርዝር ነው» አለችኝ። «አካፋ፣ ዶማ፣ ሲሚንቶ፣ የድንጋይ መፍለጫ። ሚስተር ቼን ሌላ መጽሐፍ አልነበረውም።»

መርጌታ ከዚያ የኔዓለምንም ፈተኗት፤ ከልጃቸው ትበልጣለች ብለው በግልጽ ተናገሩ፤ ልጃቸውም አልተከፋም። ባዶው መስመር ላይ በሚያምር የቁም ጽሕፈት «መርጌታ ክንፈ፣ የዜማ መምህር» ብለው ፈረሙ። ተማሪዎቹ ሰዓቶቹን እንደተቀበሉ ፈረሙልኝ፤ ከዚያ ለሽማግሌው ሰጧቸው። ምክንያቱን ሲሰሙ መርጌታ ደስ አላቸው። «ሞትን ማስታወስ ለክርስቲያን መልካም ነው። ሁለቱንም አምጡ።»

ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣና ሐይቁ ጠባዩን ለወጠ። ጥበቡ አብሮን ነበር። እኔ ጌሾው ላይ ተደፍቼ ስለት ስሳል፣ ልጆቹ በቻይንኛ ይሳሳቁ ነበር። ስለ እኔ መሆኑን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም።

ዓርብ። ጓድ አያሌውን ያን ጠዋት ነው ያየኋቸው። አርባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ጥቁር መነጽር የማያወልቁ፣ ቃላቸው አጭር ሰው ናቸው። የምስክር ወረቀቶቹን አነበቡ፤ የመርጌታን ፊርማ አነበቡ። ከዚያ «ቻይና የሚለው ቃል ከመድረክ አይሰማም» አሉ።

«ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ጓድ።»

«ይሸፈናል። ዛሬ የሚሸለም የውጭ ቋንቋ ሩስኛ ነው። እንግዳም ጋብዣለሁ።»

አቶ ፈንታሁን «ሩስኛ» የሚል ቁራጭ ወረቀት አስጻፉና «ቻይንኛ» የሚለው ላይ በዱቄት ሙጫ ለጠፉት። ሲቻኮሉ አንደኛው ጠመመ።

አዳራሹ ሞላ። እኔ በመርጌታ ሸበጥ መድረክ ላይ ተቀመጥኩ፤ አሥር ቁጥር ያህል ይበልጠኛል። እንግዳው መጡ፤ ኒኮላይ የሚባሉ፣ ወፍራም፣ ፀሐይ ያቀላቸው የሶቭየት መሐንዲስ። ጓድ አያሌው ስለ ወዳጅነት ተናገሩ። ልጆቹ በጭብጨባ ወጡ፣ ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ልንጨርስ ነው ብዬ እፎይ ልል ስል ኒኮላይ ተነሥተው ወደ የኔዓለም ሄዱና ፈገግ ብለው በሩስኛ አንድ ነገር ጠየቋት።

የኔዓለም እኔን አየች። እኔ ሸበጤን አየሁ። አቶ ፈንታሁን ጣራውን አዩ። የጎመኑ አትክልት፣ የታመመችው እናት፣ የመርጌታ ፊርማ፣ ሁሉም በዚያ አንድ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያ ያላትን አንድ የውጭ ቋንቋ አወጣች፤ በቻይንኛ መለሰች።

ኒኮላይ ደንግጠው ቀሩ። ቅላታቸው ጠፋ፣ ተመለሰ። ከዚያ በዚያው ቋንቋ፣ ቀስ ብለው፣ የጠፋ ቁልፍ በጨለማ እንደሚፈልግ ሰው ቃላቱን እየዳበሱ መለሱላት። እሷ አረመቻቸው። ሳቁ። ጥበቡም ወሬው ውስጥ ገባ። ሦስቱ ለረጅም ጊዜ አወሩ፤ ሰውየው እጃቸውን እያወናጨፉ ድልድይ ሠሩ፣ ድንጋይ ፈለጡ፣ አንድ ጊዜም ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ተማሪው ሁሉ በሳቁ ቁጥር ያጨበጭባል። ጓድ አያሌው ተነሥተው «ይህ ነው ፍሬው! ሩስኛ በባሕር ዳር!» ብለው ጮኹ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ።

በኋላ የኔዓለምን ምን እንዳወሩ ጠየቅኳት።

«መጀመሪያ የመለስሁላቸው፣ ይቅርታ፣ ሩስኛ አላውቅም ብዬ ነው» አለችኝ። «ለካ በወጣትነታቸው ቻይና ሄደው በትልቅ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርተዋል። አገሮቹ ከተጣሉ ወዲህ ቋንቋውን ከማንም ጋር አውርተውት አያውቁም። የቃላቴ ብዛት አካፋና ሲሚንቶ ብቻ ነው ብዬ ሳፍር፣ የእኔም እንዲሁ ነው አሉኝ። ደግሞ ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለእኔም አይበጀኝም አሉኝ።»

ቅዳሜ። አውቶቡሴ ከመነሣቱ በፊት ወይዘሮ እናኑ ቤት ማንቆርቆሪያ ጣድን። የኔዓለምና እኔ ወረቀቷን በእንፋሎቱ ላይ ይዘን ቁራጩን ቀስ አድርገን ላጥነው። ከሥሩ የእኔ ታይፕ፣ «ቻይንኛ» ከነማኅተሙ ደኅና ወጣ። ወይዘሮ እናኑ ነጠላቸውን ዘርግተው እስኪደርቅ አራገቡለት። ልጅቷ እጥፍ ሳታደርገው በሁለት ካርቶን መሐል አስገብታ በዚያው ጠዋት ወደ ወረታ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፈረች። እኔን ደግሞ ወይዘሮ እናኑ በእግሬ ልክ የሆነ የላስቲክ ጫማ ገዝተው፣ ደረቅ ዓሣ አስይዘው ሸኙኝ። ዓሣው ደጀን ሳይደርስ አውቶቡሱን ሁሉ አስነጠሰ፤ አሁንም ሁሉም እኔን ነበር የሚያዩት።

ጋሽ ተሰማ ሪፖርቴን አነበቡ። «ባለሙያው ተገኘ አይደል? አላልኩሽም?» ብለው ፋይሉን ዘጉት። ጥበቡ በሩስኛው ጎበዝ ስለተባለ ለትምህርት ወደ ሞስኮ እንዲሄድ ተመርጦ ነበር አሉ፤ መርጌታ «ዜማውን ሳያውቅ የትም አይሄድም» ብለው አስቀሩት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከየኔዓለም ደብዳቤ መጣልኝ። ተቀጥራለች፤ እናቷን ሐኪም ዘንድ አድርሳታለች፤ ተነሥታ መቀመጥ ጀምራለች። መጨረሻው ላይ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦

«ባለፈው ሳምንት ጓድ አያሌው ካምፑን ሊጎበኙ መጡ። ከቻይናዊው ዋና መሐንዲስ ጋር ሳስተረጉም ፊት ለፊቴ ቆመው ሰሙኝ። የምሸሽበት አልነበረኝምና ሥራዬን ቀጠልሁ። ሲጨርሱ አጃቢዎቻቸውን አስቀድመው ወደ እኔ ተጠጉ። መነጽራቸውን ሲያወልቁ ያን ጊዜ ነው ያየሁ። ‹ሩስኛሽ በጣም ጥሩ ነው› አሉኝ ቀስ ብለው። ‹ከዚህ ካምፕ ውጭ ግን እንዳትናገሪው።›»